ከካቡ ላይ የዘለለው ሰው

«የታሰረ ሰው ተመልሶ ይመጣል እንዴ?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ የልጅ ልጃቸው ከተያዘ ወዲህ ይህን ብቻ ነው ራሳቸውን የሚጠይቁት። መልሱን አያውቁትም። በዚያ ዘመን፣ በደብረ ብርሃን፣ ማን ያውቀዋል?

የኳስ አሠልጣኙ የኃይለ ገብርኤል ሬሳ የተገኘው በልምምዱ ሜዳ ካብ ሥር ነበር። የማዕዘኑ ባንዲራ በሚተከልበት ብረት ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈጥርቆ፣ ፊቱ የነሐሴ ዝናብ ባቦካው ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል። ዘበኛው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰው ብቻ ማስገባቱን ምሎ ተናገረ፤ የቡድኑ በረኛ ረሺድ፣ ተጫዋቹ የሸዋወርቅ የልጅ ልጅ ብርሃነ መስቀል፣ እና የሸዋወርቅ ልጅ፣ የቀድሞው አሠልጣኝ ወልደ ሰንበት። ብርሃነ መስቀል በዋዜማው ከሟቹ ጋር ተጣልቶ «እገድልሃለሁ» ሲል ተሰምቷልና አብዮት ጥበቃዎች ያኑ ዕለት ወስደው ውስጥ እግሩ እስኪተለተል ገረፉት።

አሁን መርማሪው መቶ አለቃ ተክለጊዮርጊስ ልጁን በፖሊስ አስደግፎ እቤታቸው አመጣው። ሌሎቹንም አስጠራ።

«ሟቹ ምን ነበር የሚያስተምራችሁ?»

«ማረፍ ነዋ!» አለ ረሺድ። «ከዝላይ ስንወርድ በእግራችን ጣት በኩል፣ ጉልበታችንን አጠፍ አድርገን፣ ወደ ውስጥ ሳናጋጥም። ተረከዙ የቀደመ በቅጣት ሜዳውን ይዞራታል። ሰፈርተኛው ‹ድመቶቹ› ነው የሚለን።»

«ለምን አስፈለገ?»

«ጉልበት እንዳይበጠስ። ወላሂ፣ ስንቱ ልጅ አንካሳ ሆኖ ቀርቷል።»

«በማን ጊዜ?»

ረሺድ ወልደ ሰንበትን አየ።

ወልደ ሰንበት ምሰሶው ላይ ተደግፎ ቆሟል። «በእኔ ጊዜ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ እንደ ሙሽራ የሚሽኮረመም አልነበረም።»

«ቁጭ በል እንጂ ልጄ» አሉ ሸዋወርቅ፣ በርጩማውን እየገፉለት።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ምነው?» አለ መቶ አለቃው።

ሸዋወርቅ ለልጃቸው ፈጥነው ደረሱለት። «ጉልበቱን አሞት ነው ጌታዬ! ኃይለ ገብርኤል ከሞተ ለት ማታ ጀምሮ በቅቤ ባሸው ባሸው አልሻለው አለ።»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ገዳዩ ካቡ ላይ አድፍጦ ነው የጠበቀው» አለ መቶ አለቃው በዝግታ። «ሟቹ ሲያልፍ ዘለለና መታው። ያረፈበትን አይቻለሁ፤ ተረከዙ ጭቃውን ሰርጉዶታል፣ ጣቶቹ ግን ጫር ብቻ ነው ያደረጉት። ረሺድን ዛሬ ከመኪናዬ ላይ አስዘለልኩት፤ ተረከዙ ቀድሞ መሬት አልነካም። ብርሃነ መስቀል ደግሞ ሊይዙት ሲመጡ አጥር ዘሎ ነበር። ጓሮዎ ሄጄ ዱካውን አየሁት እማማ፤ በድንጋጤው እንኳ ያረፈው እንደተማረው ነው። ካቡ ደግሞ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከዚያ ላይ እግሩን ገትሮ የወረደ ሰው ጉልበቱ አይተርፍም። ወልደ ሰንበት፣ ሱሪህን ሰብስብ።»

ወልደ ሰንበት ሱሪውን አልሰበሰበም። በርጩማውን አንስቶ በመቶ አለቃው ራስ ላይ ሰነዘረ። ፖሊሱ በሰደፍ አፉ ላይ አሳረፈበት። ሲወድቅ ያ ጉልበቱ ከሥሩ ታጠፈና እንደሚታረድ በሬ አጓራ።

«ኃይለ ገብርኤል የልጆቹን ጉልበት እኔ እንደሰበርኩት በስብሰባ ሊናገር ነበር!» አለ ደሙን እየተፋ። «አሻጥረኛ ብለው ይረሽኑኝ ነበር!»

«ይኸ ልጅ ባንተ ፈንታ ቢረሸንስ?» አለ መቶ አለቃው።

ልጁን ትተው ወልደ ሰንበትን እየጎተቱ አወጡት።

ሸዋወርቅ ተከትለው ሊሮጡ ብለው መሐል ቤት ላይ ቀሩ። ብርሃነ መስቀል እያያቸው ነበር።

«እምዬ፣ እኔን ሲገርፉኝ የእሱን ጉልበት ታሺለት ነበር?»

«እሱም ልጄ... አንተም ልጄ...»

ልጁ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። በረገጠው ሁሉ ላይ ደም ቀረ።

«በባዶ እግርህ? በዚህ ዝናብ? ኧረ በማርያም!»

ብርሃነ መስቀል ደጁን አልፎ ሄደ።