የነጣው አለት ጠባቂ

የኦካሽን ሬሳ ያገኘችው ኮራል የሚባለውን ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ የምትተክለው ሰልዋ ናት። በተከለለው አለት ላይ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ይንሳፈፍ ነበር። ፖሊሱ ሻምበል ዋጊህ ከሻላቲን ከተማ ደርሶ ሲያየው ማጅራቱ ላይ የመቅዘፊያ ጠርዝ የሚያህል ስንጥቅ አገኘ።

«ማዕበል እንዲህ አይመታም» አለ።

ባሕሩ ሞቆ ኮራሉ ሁሉ ከነጣ ወዲህ ዓሣ ጠፍቷል። መንደሩ ይህን አንድ አለት እስኪያገግም ላይነካው ተማምሎ፣ ኦካሽን ጠባቂ አድርጎት ነበር። ዛሬ ግን ሽማግሌዎቹ ከአሱር ሰላት በኋላ መረብ ሊያስገቡ ነው።

«‹ለበድን አለት ሰው ሞተ፣ ይብቃ› አሉ» አለች የሟቹ ሚስት ዘምዘም። «መረቡ ከገባ ባሌ ሁለቴ ሞተ ማለት ነው። ድረስልኝ ሻምበል!»

ሻምበሉ መጀመሪያ ሰልዋን ጠየቃት። «እውነት በድን ነው?»

«የተከልኩት አልቋል። ዳር ዳሩን ግን በራሱ የበቀለ አለ።» ክርኗን ገልጣ ቀይ ሽፍታ አሳየችው። «ትናንት ለበለበኝ፤ ልክ እንደ ሳማ። በደስታ አለቀስኩ። ብናገር ማን ያምነኛል?»

ወጣቱ ዓሣ አጥማጅ ከራር ቁጡ ነበር። «አዎ፣ ተጣልተናል! ከእሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ግን ጀልባዬ ወንፊት ናት። ካንሳፈፍካት እጄን እሰጥሃለሁ።»

ሻምበሉ ሞከራት፤ ሰመጠች።

የዘምዘም ወንድም ጃባላህ ቅልጥሙን እያከከ ተቀምጧል።

«ምን ነካህ?» አለው ሻምበሉ።

«የምሥራቁ አለት ነው። ጎህ ሲቀድ እዚያ ጀልባዬን ስገፋ ቧጨረኝ።»

ሻምበሉ ከተከለለው አለት ራቅ ወዳለው ወደ ምሥራቁ አለት በጀልባ ሄደ። አለቱን አረንጓዴ ዝቃጭ ሸፍኖታል። ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና ቅልጥሙን አሸበት።

ሲመለስ መረቦቹ ተጭነው፣ መንደሩ ግራሩ ሥር ተሰብስቦ ነበር። እግሩን ዘረጋ።

«የምሥራቁ አለት ይኸው አደማኝ፤ አላቃጠለኝም። የሞተ ኮራል ይቧጭራል እንጂ አይለበልብም። የጃባላህ እግር ግን አልደማም፣ ሽፍ ብሏል። የሚለበልብ ኮራል ያለው ኦካሽ በሞተበት አለት ላይ ብቻ ነው። ሰልዋም ተለብልባለች፤ እሷ ግን የት እንደሆነ አልዋሸችም። ጃባላህ ውኃው ሲጎድል እንደ ልማዳችሁ ወርዶ ጀልባውን በእጁ ገፋ። ሁላችሁም በድን ነው ስላላችሁ፣ እሱም ሳይጠነቀቅ በባዶ እግሩ ገባበት።»

ጃባላህ አንገቱን ደፋ። «አንዴ መረብ ልጣል ብዬ ለመንኩት። ልጆቼ ቅጠል ቀቅለው ሲበሉ አይቼ ነው የሄድኩት። ‹ነፍስ እየዘራ ነው፣ ትንሽ ታገሥ› አለኝ። በረሃቤ የሚያላግጥ መሰለኝና በመቅዘፊያዬ መታሁት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ አንዱን መረብ ከጀልባው ላይ አወረደ። ሌሎቹም እየከበዳቸው ተከተሉት።

ጃባላህን ሲወስዱት ዘምዘም ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሚስቱን ጥሩልኝ» አለች። «ልጆቿን ይዛ እኔ ቤት ትግባ። አለቱ እስኪያገግም አብረን እንራባለን።»