ያላላበው ካብ

ነቢሃ ጣቷን በካቡ ፊት በተወጠረው ሲባጎና በድንጋዩ መሃል ልታስገባ ሞከረች። አልገባም። ከትናንት ወዲያ ሁለት ጣት ያስገባ ነበር፤ ትናንት ጠዋት አንድ። ዛሬ ድንጋዩ ሲባጎውን ነክቶታል።

«ያ ረብ!» አለች ለራሷ። ከላይዋ የደፋችው የማዳበሪያ ጆንያ ውሃውን ሰብስቦ ጀርባዋ ላይ ያንቆረቁረዋል። ዝናቡ ከጀመረ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የኢብ ተራራ ሰው በነሐሴ ዝናብ አይደነግጥም፤ ይሄኛው ግን ቀን ከሌት እየወረደ ሽማግሌዎቹን ሳይቀር ዝም አሰኝቷቸዋል።

ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ካቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ቁመቱ ከሁለት ሰው ይበልጣል። ጭቃም ሲሚንቶም ሳይነካው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የአባቷን የማሽላ እርከን ደግፎ ይዟል። በግራ በኩል በየስንጥቁ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በቀኝም እንደዚያው። መሃል ላይ ግን አራት እርምጃ የምትሞላ ቦታ አለች፤ ከእሷ ስንጥቆች ጠብ የሚል ነገር የለም። ሲባጎውን የነካውም የዚያች ቦታ ድንጋይ ነው።

«አንቺ ልጅ! በዚህ ዶፍም መጣሽ?» የሚል ድምፅ ከታች ተሰማ። ሐጃ ሸምዓ ናቸው። ቤታቸው ከካቡ ሥር፣ አሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የልጅ ልጃቸው ሒዛም ሱሪ ሳያደርግ ቀሚሳቸውን ይዞ ቆሟል፤ ከውስጥ ላማቸው እምቧ ትላለች። «ነይ ያዢ፤ አሁን ነው የወጣ» ብለው የተቀቀለ እንቁላል እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ሐጃ፣ ለምን ተቸገሩ?»

«ዝም በይ! ማሻአላህ፣ ደጄን የማታጨቀየው ይቺ መሃሏ ብቻ ናት። የማን እጅ ናት አልሽኝ?»

«የ... የእኔ።»

«እጅሽን አላህ ይባርከው! የወንዶቹማ እንደ ወንፊት ያንጠባጥባል። እስቲ እነሱን ካቢ ያላቸው ማነው?»

ሒዛም ሳቀ። ነቢሃ እንቁላሉን ኪሷ ከተተችው።

እንደ አጎቷ እንደ ሙቅቢል ካብ የሚያውቅ ሰው በሰባት መንደር የለም። «ካብ የሚቆመው በፊቱ መስሏችሁ ነው? በጀርባው ነው» ይላል ሁልጊዜ። «ከጀርባው የወንዝ ጠጠር ካልሞላችሁለት ውሃው መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ውሃ በሬ ነው፤ ይገፋል።» ስለዚህ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አላበው?» ያላበው ካብ ጤነኛ ነው። ያላላበውን ፍራው።

ካቡ የተሠራው ከዝናቡ በፊት በጸደይ ነው። ወንዶቹ ፊት ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ጀርባውን መሙላት የልጃገረዶቹ ድርሻ ነው። መሃሏ ለነቢሃና ለጓደኛዋ ለጉሱን ደረሰች። ጠጠሩ ያለው ሸለቆው ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ነው፤ አንድ ቅርጫት ጭኖ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የመጨረሻው ቀን ደግሞ የጉሱን እህት ለሠርጓ ሂና የምትቀባበት ቀን ነበር። ከታች ከበሮው ሲጀምር ጉሱን ቅርጫቷን ወረወረችው። «ስሚ፣ አፈርም ያው ሙሌት ነው፤ ማን ቆፍሮ ሊያይ ነው?» ነቢሃ መጀመሪያ እምቢ አለች። እጇን አየችው፤ ቆስሏል። ከበሮውን ሰማች። ከዚያ ሁለቱም የማሳውን አፈር እየዛቁ ሞሉት፤ ላዩን ሁለት ቅርጫት ጠጠር አለበሱት።

አመሻሹ ላይ ሙቅቢል መጥቶ ከላይ አየ፤ በእግሩም ረገጥ ረገጥ አደረገው። «ከወንዶቹ የእናንተ ይበልጣል» አለ። ቀጥሎ ወደ ነቢሃ ዞረና፣ «ለከርሞ መዶሻዬን ላንቺ ነው የምሰጠው። ፊት ድንጋይ ትደረድሪያለሽ» አላት። በዚያ መንደር ፊት ድንጋይ የደረደረች ሴት ልጅ ኖራ አታውቅም። ነቢሃ ያን ዕለት ሂናውም ጭፈራውም አልታያትም፤ መዶሻው ብቻ ነበር የሚታያት።

ከወር በኋላ ሙቅቢል ከሰው ጣሪያ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረና አልጋ ላይ ዋለ። ዝናቡ አላባራ ሲል በካቡ ፊት ለፊት ሁለት ችካል አስተከላት፤ ካቡ ቢገፋ የሚነካው ሲባጎ አስወጠራት። «እኔ እስክነሣ ዓይኔ አንቺ ነሽ» አላት። በየቀኑ ትሄዳለች፣ በየቀኑ ትመለሳለች። «አላበው?» ይላል። «አላበው» ትላለች። ይኸው ሰባት ቀኗ።

ዛሬ ግን በቀጥታ ወደ ቤቷ አልገባችም። እየሮጠች ጉሱን ዘንድ ሄደች። ጉሱን ወጥ ቤት ሆና ሊጥ ታቦካለች።

«ሲባጎውን ነክቶታል!»

«ቀስ በይ! እናቴ ትሰማለች።» ጉሱን በክርኗ በሩን ገፋ አደረገችው። «ድንጋይ ሲባጎ ነካ ብለሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው? አታካብጂ ባክሽ።»

«ሐጃ ሸምዓ ሥሩ ናቸው። ሒዛም አለ።»

«ዝናቡ ነገ ያባራል።»

«ትናንትም ነገ ነው ያልሽኝ።»

ጉሱን ሊጡን በቡጢ መታችው። «እሺ፣ ቢፈርስ እንኳ ዝናብ አፈረሰው ነው የሚባለው። በዚህ ዝናብ ስንቱ ፈርሷል! አንቺ አፍሽን ካልከፈትሽ ማን ያውቃል? ሰምተሻል? እኔን ደግሞ እንዳትጨምሪኝ፤ አባቴ ወላሂ ከትምህርት ቤት ነው የሚያስቀረኝ።»

ነቢሃ በሩን ከፍታ ወጣች። ሰው በጓደኛው ሲናደድ ግማሹ ንዴት ለራሱ ነው፤ ይኼ ነው ልቧን የበላት። ጉሱን ያለችውን ሁሉ እሷም ለሰባት ቀን ሙሉ ለራሷ ስትለው ነበር።

ቤቷ ተመልሳ ደረጃውን ወጣችና የአጎቷ ክፍል በር ላይ ቆመች። ሙቅቢል የታሰረ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ በመስኮቱ ዝናቡን ያያል። መዶሻው ከራስጌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«መጣሽ? አላበው?»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሰባት ቀን ለምዶታል።

«አላላበውም አጎቴ» አለች። «መሃሉን አንድም ቀን አላላበውም። ሲባጎውን ነክቶታል። አፈር ነው የሞላሁበት።»

ሙቅቢል ተስፈንጥሮ ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ ያዘውና ጥርሱን ነክሶ ተመልሶ ወደቀ።

«ዓይኔ ነሽ ብዬሽ ነበር» አለ።

ቢጮህባት፣ ቢመታት ይሻላት ነበር። እንባዋ ከጆንያው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወረደ።

«ከማን ጋር ነው የሞላሽው?»

«እኔ የሞላሁትን ነው የምናገረው።»

አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ወደው አይደለም» አለ። ድምፁ እንደ ሥራ ቦታ ድምፁ ሆነ። «ካቡን ማንም እንዳይነካው። መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ ላሟ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ጎረምሶቹ ከላይ ከፍተው አፈሩን ያወጣሉ፣ ጠጠር ያስገባሉ። ከቆየልን ነው እንግዲህ።»

«እሺ።»

«ቆይ።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ወንድምሽን እልከዋለሁ። ዝናቡ ስለበዛ ሙቅቢል ለጊዜው ውጡ ብሏል ይበላቸው። ሌላውን ማውራት አያስፈልግም። የአንቺም ስም፣ የእኔም...» አልጨረሰውም።

ነቢሃ ቀና ብላ መዶሻውን አየችው። እጀታው በአጎቷ መዳፍ ብዛት ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ወንድሟ ቢሄድ መዶሻው ለከርሞም እዚያው ይጠብቃት ይሆናል። ማን ያውቃል?

«እኔው እሄዳለሁ» አለች።

ሙቅቢል አልከለከላትም፤ ሂጂም አላላትም። ጆንያዋን ደፍታ ወጣች።

ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች ወረደች፤ አንዴ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። በካቡ ሥር ስታልፍ ቀና ብላ ላለማየት አንገቷን ቀበረች። ሐጃ ሸምዓ በሩን ገና ሳታንኳኳ ከፈቱት።

«ምነው የኔ ልጅ፣ እንቁላሉ አነሰሽ?» ብለው ሳቁ።

«ሐጃ፣ ሒዛምን ይዘው ይውጡ። ላሟንም እንፍታት። አሁኑኑ፤ ወደ እኛ ቤት።»

«ካቡን ፈርታችሁ ነው? የወንዶቹ ይፍረስ እንጂ ይቺ የአንቺዋ መሃል ብረት ናት።»

«ይቺ መሃሏ ናት የምትፈርሰው ሐጃ» አለች ነቢሃ። «ጠጠር ነበር መሙላት የነበረብኝ። ድካሙን ጠልቼ አፈር ሞላሁባት። እኔ ነኝ።»

ሳቁ ከሐጃ ሸምዓ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ካቡን አዩት፤ ነቢሃን አዩዋት።

ነቢሃ ከኪሷ እንቁላሉን አውጥታ በር ላይ ካለው የድንጋይ መደብ አስቀመጠችው። ሒዛምን ብድግ አድርጋ ወገቧ ላይ አዘለችውና የላሟን ገመድ ልትፈታ ወደ ውስጥ ገባች።