ለቤቲ በግምት የተገዛው ጡት መያዣ

በየቤታችን ስሙ የማይጠራ ነገር ብዙ ነው። ጡት መያዣ አንዱ ነው። በአርባ ምንጩ ሲቀላ ገበያ መንገድ ዳር ተንጠልጥሎ ይሸጣል፤ ቤት ሲገባ ግን «እንትን» ይባላል። ይህ እፍረት አንዲትን ልጅ ምን እንዳሳጣት ልንገራችሁ።

አቶ ኤርጫፎ አርባ ምንጭ የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸውን ቤቲን ብቻቸውን አሳደጉ። ቤቲ በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን፣ በኳየሩ ውስጥ፣ ብቻዋን ሶሎ ትዘምር ነበር፤ እሷ ስትጀምር ጉባኤው በሙሉ ጸጥ ይላል።

በ2011 ዓ.ም. አባት ልጃቸው ጡት መያዣ እንደሚያስፈልጋት ተረዱ። እስከዚህ ድረስ ይመሰገናሉ። ሱቅ ገብቶ መግዛቱን ግን አፈሩ፤ እሷን መጠየቅማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ አዘዙ። ሻጯ «በሜትር ለክተው ልኳን ይላኩልኝ» ብላ ጻፈች። እሳቸውም «ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ትንሹን ይላኩ» ብለው መለሱ። ዕቃው መናኸሪያ ሲደርስ ተቀበሉ፤ እንደታሸገ አልጋዋ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ጠበባት። ቤቲ ግን አባቷ ተጨንቀው የገዙላትን «አልሆነኝም» ማለት ነውር መስሏት ቻለችው። ለመዘመር ትንፋሽ ስትስብ ላስቲኩ ጎኗን ይይዛታል፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ይቆረጣል። አውልቃ ሰው ፊት መቆሙን ደግሞ አፈረች። በመጨረሻ ከልምምድ መቅረት ጀመረች። ኳየሩ አልበም ሲቀርጽ ሶሎዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

«ልብሽ ወደ ዓለም ሄዷል!» ብለው ተቆጡ አባት። «ለጌታ ቤት ቀዝቅዘሻል!»

ቤቲ አለቀሰች።

ነገሩን ያገኙት ከምዕራብ ዓባያ ለጥየቃ የመጡት አክስቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ናቸው። ፀጉሯን ሲያጥቧት ትከሻዋ ላይ የቀላ ሰንበር አዩና ወንድማቸውን ጠሩ።

«ይህን ስትገዛ ለክተሃታል?»

«አባት ሴት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ያነጋግራል እንዴ? በግምት ነዋ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡ አልገባም፤ ትንፋሽም አልገባላትም! ለእኔ ብትደውል ምን ነበረበት? ከጡት ሥር አንዴ፣ ጡቱ ላይ አንዴ ዙሪያውን በሜትር መለካት ነው፤ ሁለቱንም ቁጥር ለሻጯ መላክ። ሲመጣም ለብሳ እጇን ታንሣ፣ ትተንፍስ። ካልተመቻት ይቀየራል።»

አቶ ኤርጫፎ የገሠጿት ሁሉ ትዝ አላቸውና ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ግን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ፣ አባዬ? አንተስ አስቀምጠህ ወጣህ እንጂ መቼ ጠየቅከኝ?»

ወላጆች ሆይ፣ ኢንተርኔት ከባለሱቅ ዓይን ይሰውረን ይሆናል፤ ልጆቻችንን ከማነጋገር ግን አያድነንም። ሳትለኩ አትዘዙ። አባት ካፈረ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች። ልጅ ስትለወጥባችሁም ከመፍረዳችሁ በፊት ምን እንደሚያማት ጠይቋት።

ቤቲ ዛሬ በልኳ ትለብሳለች፤ ወደ ኳየሩም ተመልሳለች። የምትቆመው ግን ከኋላ ነው። መሪው ሶሎ ሲሰጧት «ሌላ ሰው ይዘምር» ትላለች። አባቷ ከፊት ወንበር ሆነው ይህን በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ።