ያሻዎትን ዓመት ይጥሩ

በላይብረሪው ኮምፒውተር ላይ የብሪን ፕሮግራም ምንም አልመለሰም። ሊኒያ ቁልፉን ደግማ ተጫነችው። ስክሪኑ እንደ ባዶ ግድግዳ ፈጦ አያት።

ይኸው ፕሮግራም ምሳ ሰዓት ላይ፣ በራሷ ላፕቶፕ፣ የመፈተኛ ዓመቶቹን በሙሉ አንድ ሳይስት መልሶ ነበር። አሁን ምን ነካው? ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በረዶውን እያነሣ መስኮቱን ይገርፋል፤ ተማሪው ገና ሳይወጣ ግቢው ጨልሟል።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ያወጣው የውድድር ጥያቄ ከባድ አልነበረም። አንድ ዓመት ሲሰጠው፣ በዚያ ዓመት ወር በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ የሚውሉትን ዓርቦች የሚቆጥር ፕሮግራም መጻፍ ነው። በጥቂት ፊደል የጻፈ ያሸንፋል፤ ያሸነፈ ለሚሺጋን ውድድር ይሄዳል፤ ቦታው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዘንድሮ ዳኛዋ ሊኒያ ነች። የትንሿ ኦፓል ሥራ ሰባ አንድ ፊደል ሆነ፤ የብሪን ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ዘጠኝ! ሊኒያ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራትም ነበር። ወደ ማርኬት ከተማ ከመጣች ወዲህ ምሳ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ከብሪን በቀር ማንም የለም።

አሁን ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ፕሮግራሙ አንድም ዓርብ አይቆጥርም። በሊኒያ ላፕቶፕ ውስጥ የመፈተኛ መልሶቹ ያሉበትን ፋይል ከፍቶ ይገለብጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። ፋይሉ የት እንዳለ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ፣ ዳኛ ነኝ ብላ ጉራ ስትነዛ፣ ለብሪን ያሳየችው ራሷ ሊኒያ ናት።

«እዚህ ተደብቀሻል እንዴ?» ብሪን ሥጋና ድንች የተሞላ ትኩስ ፓስቲ እየገመጠች ገባች። ስክሪኑን አየችው። ማኘኳን አላቆመችም።

«ብሪን፣ ይሄ ነገር መልሱን ከእኔ ላፕቶፕ ነው የሚሰርቀው።»

«አታካብጂ ባክሽ! ሕጉን ማን ጻፈው? አንቺ። ምን ይላል?»

ሊኒያ በቃሏ ታውቀዋለች። «ትክክለኛ የሚባለው ዳኛው ለሚሰጠው ዓመት ሁሉ፣ በዳኛው ኮምፒውተር ላይ፣ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ነው።»

«በዳኛው ኮምፒውተር ላይ! በላይብረሪው አላልሽም። ጥያቄው ከወጣ በኋላ ደግሞ ሕግ አይቀየርም፤ እሱንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» ብሪን ጣቷን ላሰች። «ከተናገርሽ ፋይሉን የት እንዳየሁት ይጠይቁኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። ዳኝነቱንም፣ ክበቡንም ደህና ሁኑ በያቸው። እኔንም።»

የመጨረሻዋን ቃል ያለችው ፈገግ ብላ ነው። ሊኒያን ያስፈራት ፈገግታው ነበር።

ውጤቱ በሚነገርበት ክፍል ኦፓል ከፊት ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ቀብራለች። ብሪን መጨረሻ ወንበር ላይ ተለጥጣለች። የክበቡ ኃላፊ አስተማሪ ሚስተር ካንጋስ ሕጉ የተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ቆመው «በይ እንጂ ዳኛ፣ በረዶው መንገድ ሳይዘጋብን!» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ሊኒያ ላፕቶፗን ከፈተች። የብሪንን ስም ጠርታ መገላገል ትችላለች። ነገም ምሳ ላይ ብቻዋን አትቀመጥም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄደ፤ ስንት ጊዜ ያነበበችውን ሕግ እንደ አዲስ አነበበችው። ዳኛው ለሚሰጠው ዓመት ሁሉ። መፈተኛው አልቋል፣ ሌላ ዓመት አይሰጥም የሚል ቃል የለበትም።

«አንድ ዓመት ይቀረኛል» አለች። «ሚስተር ካንጋስ፣ እርስዎ ይጥሩልኝ።»

«የቱን?»

«ያሻዎትን።»

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። «ሊኒያ» አለች ብሪን፣ ቀስ ብላ።

ሚስተር ካንጋስ ወደ መስኮቱ፣ ሐይቁ ወዳለበት አዩ። «እንግዲህ ያቺ ትልቅ መርከብ እዚህ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠችበትን። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት።»

ይህ ዓመት የመልሶቹ ፋይል ውስጥ የለም። ሊኒያ ቁጥሩን ጻፈች፤ ላፕቶፑን ሁሉም እንዲያየው አዙራ አስቀመጠችው። በመጀመሪያ የኦፓልን አስኬደች። «አንድ» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ የብሪንን።

ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ቆየ። ብሪን ልትናገር ከወንበሯ ስትነሣ ሊኒያ ቀደመቻት።

«ለምን ባዶ እንደሆነ ልንገራችሁ» አለች። «ከአውቶቡሱ ልጀምር፤ ከእኔ።»