እናቲቱ ጋን

«ምን ሸተተሽ?» አሏት አያቷ፣ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር አስጠግተው።

ቴክላን የሸተታት ኮምጣጤ ነበር። ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ሰላጣ ላይ የሚፈስ ዓይነት ኮምጣጤ። በኪራይ መኪና ተራራውን ተጠማዝዘው የመጡት ባልና ሚስት ብርጭቋቸውን ይዘው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ቴክላ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብትሆንም፣ እንግሊዝኛ ስለምትችል ለአያቷ ማስተርጎም ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እንደዛሬ ግን ምላሷ ከብዷት አያውቅም።

«የደረቀ በለስ» አለች። «ትንሽ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ።»

«ይኸውላችሁ» አሉ አያቷ አባባ ሎይዞስ ለእንግዶቹ፣ ግሪክኛው እንደማይገባቸው እያወቁ። «አፍንጫዋ የእናቴ ነው።»

ሴትዮዋ ተጎነጨች። ፊቷ ጭምድድ ሊል ሲል መለስ አደረገችውና የሆነ ነገር አለች። ባልየው ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ ስለ ጣሪያው ዕድሜ ይጠይቅ ጀመር።

«ምን አለች?»

«እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም አለች።»

ሴትዮዋ ያለችው ይህንኑ ነው። ቢሆንም ቴክላ ዓይኗን በጨው አጥባ የዋሸች ያህል ፊቷ ጋለ፤ ያ በለስ የት እንዳለ እሷም አታውቅምና።

በዚያ መንደር ወይን ጠጅ የሚጥል ሁሉ ጓዳው ውስጥ አንድ እናት ጋን አለው። የአባባ ሎይዞስን የጀመሯት እናታቸው ናቸው፣ በተሞሸሩበት ዓመት። በየመኸሩ ከውስጧ ጥቂት ይቀዳና በምትኩ አዲስ ይጨመርባታል፤ አንድም ቀን ባዶ ሆና አታውቅም። አፏ በሰም ይታሸጋል። የምትከፈተው ለአዲሱ ጠጅ እርሾ ሊወሰድ ሲል ነው፣ አለዚያም አያቷ የወደዱት እንግዳ ሲመጣ።

ነሐሴ ላይ ግን አያቷ ሊማሶል ከተማ ሐኪም ዘንድ በሄዱበት ቀን ቴክላ ራሷ ከፈተቻት። ጎብኚዎች ለመኗት፤ እሷም የቤቱ ባለቤት መምሰሉ ደስ አላት። ልታሽጋት ሰሙን ስታቀልጥ ጓደኛዋ ኮራሊያ የወንድሟ መኪና ውስጥ ሆና ጥሩምባውን ታስጮኸው ጀመር። «ኧረ አትፍዘዢ፣ ባሕሩ አንቺን አይጠብቅም» አለቻት በመስኮቱ። ቴክላ በጋኗ አፍ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ ሮጠች።

ትዝ ያላት ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ጨርቁን ስታነሳ ትንኙ ግር ብሎ ወጣባት፤ ሽታው ወደ ኋላ መለሳት። መልሳ አሸገቻትና ለኮራሊያ ብቻ ጻፈችላት። «ማንም ካላየሽ ምን አስጨነቀሽ? ዝም በያ» የሚል መልስ መጣ። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ግን እንጀራ ፍለጋ ከተማ የሚውለው አባቷ እንኳን እስኪጠይቃት ድረስ እህል አልበላ ብሏታል።

እንግዶቹ አምና ከተጠመቀው ጠጅ ሁለት ጠርሙስ ገዝተው ሄዱ። አባባ ሎይዞስ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር እጃቸውን አውለበለቡ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ተመለሱና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«በይ ረጅሙን ጭልፋ አቀብዪኝ። አንዴ ከተከፈተች አይቀር፣ ለልጆቿም እንስጣቸው።»

ቴክላ ጭልፋውን አላቀበለቻቸውም። ልጆቿ የተባሉት ትናንት የተጨመቀው የዓመቱ ወይን የሞላባቸው ሦስት ጋኖች ናቸው። ዘለላውን አሥር ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ያደረቁት እሷና አያቷ ናቸው። አባቷ ደግሞ፣ ዘንድሮ ካልተሳካ ወይኑን ነቅሎ መሬቱን መዋኛ ያለው ቤት ለሚሠራ ሰው ሊሸጥ ቆርጧል። ከዚያች ጋን አንድ ጭልፋ ከገባ ሦስቱም ያበቃላቸዋል።

«እሑድ ነው ያሉኝ እኮ፣ አባባ።»

«ዛሬ ምን አለው?» ጭልፋውን ራሳቸው ከግድግዳው አወረዱ፤ ግን ወዲያው አልነከሩትም። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አባትሽ ዘንድ እንዳይደርስ። ጥር ላይ ከያዘኝ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል። ሽንኩርትና ሳሙና አልለይም። ሐኪሙም አንዲት ጠብታ እንዳልቀምስ ከልክሎኛል። ድሮ ምን ሸተተሽ የምልሽ ላስተምርሽ ነበር። አሁን ግን የምጠይቅሽ ጨንቆኝ ነው።»

ቴክላ የእንግዶቹን ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመረች።

«ቅድም ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አልጨረሰችም» አሉ ደግሞ ቀስ ብለው። «እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። በኋላ አንቺ በለስ ማለትሽን አስታውሼ ነው የተረጋጋሁት።»

የሰደቧት ያህል አንገቷን ደፋች። ብትናገር የአያቷን እናት ጋን የገደለችው እሷ መሆኗ ይወጣል፤ የእሳቸውም አፍንጫ ነገር አባቷ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ዝም ብትል ደግሞ እስከ ገና ማንም አያውቅባትም።

አባባ ሎይዞስ ጭልፋውን ሞልተው ወደ መጀመሪያው ጋን አዞሩት። ቴክላ ቀደም ብላ መዳፏን በጋኑ አፍ ላይ ዘረጋች።

«እንደገና ይጠይቁኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ምን ሸተተሽ ይበሉኝ።»

ሽማግሌው አዩዋት። ከጭልፋው ጥቂት እጇ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሸተተሽ?»

«ኮምጣጤ። ከነሐሴ ጀምሮ ኮምጣጤ ናት፣ አባባ። ክፍቷን ትቼ ባሕር የሄድኩት እኔ ነኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጧት በወደደች። ጭልፋውን ባልዲ ውስጥ ገለበጡት፣ ከእናቲቱ ጎን ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ሰው ግንባር የሚዳብሱ ይመስሉ ነበር። «እናቴ ነበረች እኮ እዚህ ውስጥ» አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሳቸው። ቴክላ እንባዋ መጣ፤ ከበሩ ወጥታ መሮጥ ፈለገች።

አልሮጠችም። የመጀመሪያው አዲስ ጋን አፍ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይሄኛው ደህና ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ዘቢብ ይሸታል። እውነቴን ነው።»

አያቷ ዞረው አላዩዋትም። እጃቸውን ከእናቲቱ ሆድ ሳያነሱ፣ «ሁለተኛውስ?» አሉ።

ቴክላ ወደ ሁለተኛው ሄደች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ሁለት ጊዜ አሸተተችው።