ካህኗ የጋርጊ እናት ናት

ጆሮ ያላችሁ ልጆች፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። የማትሰሙም ጠጋ በሉ፤ ጮክ ብዬ ነው የማወራው!

በሩቅ አገር በሕንድ፣ ፑኔ በምትባል ከተማ፣ ጋርጊ የምትባል ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ጉንጉን ነው፤ አፏ ግን ዝም አያውቅም።

የጋርጊ እናት ሱናንዳ የሂንዱ ካህን ናት። የሂንዱ ካህን ሰርግ ላይ ጸሎቱን በዜማ ያዜማል። ብዙ ጊዜ ካህኑ ወንድ ነው። ሱናንዳ ግን ሴት ናት፤ ተምራ ነው ካህን የሆነችው።

ሱናንዳ ሳህን ስታጥብ ታዜማለች። ልብስ ስታሰጣ ታዜማለች። ጋርጊም ከኋላ ከኋላዋ እያለች ታዜማለች።

ዜማው ሲያልቅ መጨረሻው ላይ «ሳቭዳን!» ይባላል። «ልብ በሉ!» ማለት ነው። ያኔ ሰርገኛው ሁሉ ሙሽሮቹ ላይ ሩዝ ይበትናል። ሽርርር!

ጋርጊ ቤት ውስጥም ትበትናለች። «ሳቭዳን!» ሽርርር!

«ኧረ አንቺ ልጅ! የራታችን ሩዝ እኮ ነው!» ትላለች እናቷ።

ዛሬ ሱናንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርግ ልታዜም ነው። ሙሽራዋ ኬታኪ ራሷ ናት «የኔን ሰርግ አንቺ አዚሚልኝ» ብላ የለመነቻት።

ሱናንዳ ቢጫ ሳሪዋን ለበሰች። ፈታችውና እንደገና ለበሰችው።

«እማዬ፣ ፈራሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለች ጋርጊ።

ሰርግ ቤቱ ሲደርሱ ከበሮው ይመታል። ድም! ድም! ድም! እንግዶቹ ሁሉ ሩዝ በእጃቸው ጨብጠዋል።

ሙሽራው ኒሌሽ በወዲህ ቆመ። ሙሽራዋ ኬታኪ በወዲያ ቆመች። መሃላቸው ላይ ነጭ መጋረጃ ተያዘ።

ዜማው አልቆ መጋረጃው እስኪወርድ ድረስ መተያየት ክልክል ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው።

ኒሌሽ አንገቱን ቢያሰግግ፣ ጎንበስ ቢል፣ የሚታየው የኬታኪ የእግር ጣት ብቻ ነው። «ቆንጆ ጣት ናት» አለ።

ሱናንዳ ለማዜም አፏን ከፈተች። ልክ ስትከፍት...

«ቆይ! ቆይ! ቆይ!»

የሙሽራው አጎት ባቡራዎ ናቸው። ትልቅ ቀይ ጥምጥም አላቸው፣ ከዚያም የሚበልጥ ሪዝ አላቸው። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

«ካህኑስ? ካህኑ የታሉ?»

«እዚህ ናት! እናቴ ናት!» አለች ጋርጊ።

«ሴት ካህን? ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም!»

«ዛሬ ያያሉ እንግዲህ፣ አጎቴ» አለች ኬታኪ ከመጋረጃው ጀርባ።

እሳቸው ግን እሺ አላሉም። «መልካሙ ሰዓት ሳያልፍ እውነተኛ ካህን አመጣለሁ!» ብለው ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው ሮጡ።

የሂንዱ ሰርግ መልካም ሰዓት አለው። ሰዓቱ ካለፈ ሰርጉ ለሌላ ቀን ይቀራል። ሱናንዳም ሳታዜም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጋርጊ ይህን ስታስብ አልቅሺ አልቅሺ አላት።

አጎት ባቡራዎ አንድ ሰው እየጎተቱ መጡ። ሰውየው ራሱን ተላጭቷል፣ ነጭ ጨርቅ አገልድሟል፣ ቦርጩም ትልቅ ነው።

«ይኸውላችሁ ካህኑ!»

«ኧረ እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ! ድስቴ አረረ!» አለና ጭልፋውን እያወዛወዘ ተመልሶ ሮጠ።

«ታዲያ ካህኑ የታሉ?»

«እዚህ ናት! እናቴ ናት!»

አጎት ባቡራዎ አልሰሙም። ሄደው ሌላ ሰው ጎትተው መጡ። ይኼኛው ጢሙ እስከ ሆዱ ይደርሳል።

«ይኸውላችሁ ካህኑ! ጢሙን እዩልኝ!»

«ኧረ እኔ ሹፌር ነኝ! አሁን አይደል እንዴ እርስዎን በአውቶቡስ ያመጣሁዎት?» አለ ሰውየው። ጲጵ! ጲጵ!

«ታዲያ ካህኑ የታሉ?»

«እዚህ ናት! እናቴ ናት!»

መጋረጃውን የያዙት ሰዎች ክንዳቸው ዛለ። መጋረጃው ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። የኒሌሽ አፍንጫ ብቅ አለ!

«ከፍ አድርጉ! ከፍ!» ብለው አክስቶቹ ጮኹ። አንዷ አክስቱ አፍንጫውን በጣቷ ወደ ኋላ ገፋችው።

አጎት ባቡራዎ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ጎትተው መጡ። «አሁንስ አገኘሁ! ድምፁን ብቻ ስሙት!»

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱን ነፋ። ከዚያም አዜመ።

«ሙዝ! ሙዝ! የበሰለ ሙዝ! የሚጣፍጥ ሙዝ!»

«ለኔ አንድ ስጠኝ፣ ርቦኛል» አለ ኒሌሽ።

እንግዶቹ አጉረመረሙ። «ሰዓቱ ሊያልፍ ነው! ሊያልፍ ነው!»

ሱናንዳ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። «በቃ ልጄ፣ እንሂድ» አለች ቀስ ብላ። አንገቷን ደፍታ ነበር።

ጋርጊ እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። አፏን ከፈተችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ሳ... ቭ... ዳን!»

ሽርርርርርር!

እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ሲሰማ ያደገ ነው። ማንም አላሰበም፤ እጅ ብቻ ብድግ አለ። አክስቶቹ በተኑ። ሹፌሩ በተነ። ወጥ ሠሪው በጭልፋ በተነ። ሙዝ ሻጩ ሩዝ ስላልነበረው ሙዝ ወረወረ።

አጎት ባቡራዎ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ «ካህኑ የታ...» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሩዙ ሁሉ ሽርርር ብሎ አፋቸው ውስጥ ገባ።

«አጎቴ፣ እርስዎም በትነዋል እኮ!» አለች ጋርጊ።

እጃቸውን ዘርግተው አዩት። ባዶ ነው! «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ናት!» ሊሉ ፈለጉ። በሩዝ በተሞላ አፍ ግን የሚሰማው «እም! እም! እም!» ብቻ ነበር።

«ሩዝ ከተበተነ ሰርጉ ተጀምሯል!» አለች ኬታኪ።

«ተጀምሯል! ተጀምሯል!» አሉ እንግዶቹ፤ ሩዝም እንደገና ዘገኑ።

ሱናንዳ ጋርጊን አየቻት። ጋርጊም «አዚሚ» ብላ ራሷን ነቀነቀችላት። አጎት ባቡራዎ ገና እያኘኩ ስለነበር የሚከለክላት አልነበረም።

ሱናንዳ አዜመች።

መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጠነከረ። ከዚያ ግቢውን ሁሉ ሞላው። ሲያለቅስ የነበረ አንድ ሕፃን ዝም አለ። ሙዝ ሻጩም ዘንቢሉን አስቀመጠ።

አጎት ባቡራዎ ማኘካቸውን አቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በጣም ነው ደስ ያላቸው፣ ግን ማን ይናገር!

«ሳቭዳን!» ብላ ሱናንዳ ዜማውን ጨረሰች።

ሽርርር! ከሁሉም በፊት የበተኑት አጎት ባቡራዎ ናቸው።

መጋረጃው ወረደ። ኬታኪ ኒሌሽን አየችው። ጉንጩ በሙዝ ተወጥሯል! ሁለቱም ሳቁ፣ ሰርገኛውም ሁሉ ሳቀ።

አጎት ባቡራዎ ሱናንዳ ፊት መጥተው መዳፎቻቸውን አጋጠሙና ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ዓይኔ ጢም ሲፈልግ ጆሮዬን ረሳሁት። የኔም ልጅ ልታገባ ነው። ትመጪልናለሽ?»

«እመጣለሁ» አለች ሱናንዳ።

«እኔም!» አለች ጋርጊ።

«አንቺማ እንዳትቀሪ!» አሉ አጎት ባቡራዎ።

ማታ ጋርጊ አልጋዋ ላይ ወጣች። «እማዬ፣ ሳልተኛ አዚሚልኝ።»

ሱናንዳ አፏን ከፈተች። «ህ... ህህ...» ድምፅዋ ጠፍቷል! ሰርጉ እስኪያልቅ ድረስ ስታዜም ውላ፣ ለቤቷ የሚተርፍ አልነበራትም።

«እንግዲያው አንቺ ተኚ» አለች ጋርጊ። እናቷን አጠገቧ አስተኛቻት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። ፀጉሯን እየደባበሰች በቀስታ አዜመችላት።

የምታውቀውን ሁሉ አዜመች። የማታውቀውን ከራሷ ጨመረችበት።

ሱናንዳ ዓይኗን ከደነች። ኩር... ኩር... ማለት ጀመረች።

«እሰይ!» አለች ጋርጊ በሹክሹክታ። «ልጄ ተኛችልኝ።»

መብራቱንም አጠፋች።