ታድግበታለች የተባለ ብስክሌት

የኢስራ ጣቶች ፍሬኑ ላይ አልደረሱም።

በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደች ነበር። ከፊቷ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ኩርባው ላይ ሲደርስ በድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። እጇን ዘረጋች። የፍሬኑን ጫፍ ነካችው እንጂ ልትጨብጠው አልቻለችም። ከኮርቻው ወደ ፊት ተንሸራትታ፣ ደረቷን ከመሪው ጋር አጣብቃ በሁለተኛው ሙከራ ያዘችው። የኋላው ጎማ ጮኸ። ብስክሌቱ ተንሻፈፈ፣ ከአይሱዙው ኋላ አንድ ክንድ ሲቀራት ወደ ዳር ወጣችና ጠጠሩ ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

ከኋላዋ ስትወርድ የነበረችው ሙና ብስክሌቷን ጥላ ሮጠች።

«ኢስራ! ደህና ነሽ? ተኝተሽ ነው እንዴ የምትነጂው?»

«ጠጠር አንሸራተተኝ» አለች ኢስራ፣ ጉልበቷን እያራገፈች።

አስፋልቱ ላይ አንድም ጠጠር አልነበረም። ሙና አስፋልቱን አየች፣ ጓደኛዋን አየች። ቀዩ ብስክሌት ግን ጭረት እንኳን ሳይነካው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ያብረቀርቃል። ኢስራን ያበሸቃትም ይኸው ነበር።

ይህ ብስክሌት የእሷ ብቻ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ቅሬ ስጦታ ነው። ቅሬ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። የኢስራን አባትም ከሁለት ዓመት በፊት የቀበረው ይኸው ቅሬ ነው። ለኮርስ፣ ለውድድር ብስክሌት ሲያዋጣ ግን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ኢስራ በተውሶ ብስክሌት ተወዳድራ ሁለተኛ በወጣች ሰሞን የቅሬው ዳኛ አባባ እንድሪስ ስብሰባ መሐል ተነሡና «ቅሬ ለሞተ ብቻ ነው ያለው ማነው? ለቆመስ ቢቆም!» አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን አወጣ። መራጭና ገዢ ሆነው አዲስ አበባ የወረዱትም አባባ እንድሪስ ራሳቸው ናቸው።

አባባ እንድሪስ ሰኞ ገበያ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የደሴ ተማሪ ግማሹ ዩኒፎርሙን የለበሰው ከእሳቸው የስፌት መኪና ነው። ሕጋቸውንም ሁሉም ያውቀዋል፦ ትከሻው ሰፋ ይላል፣ እጅጌው ይረዝማል፣ ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ በሰፊው ይታጠፋል። እናቶች «በዛ፣ አባባ!» ሲሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ታድግበታለች።» እናም የሰፈሩ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ጣቶቹ እጅጌው ውስጥ ጠፍተው፣ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ይታያል። በመሐል አንድ ዓመት ልክ ይሆንለታል፣ አልሐምዱሊላህ ነው።

ብስክሌቱንም እንዲሁ ገዙት። «ከፍ ያለውን አምጣ፤ ልጅ ናት፤ ታድግበታለች» ብለው ለሻጩ መንገራቸውን ሲያወሩ ከቅሬው አባላት አንድም የሳቀ አልነበረም። ማን ለልጁ በልኩ ጫማ ገዝቶ ያውቃል?

በርክክቡ ቀን ዱአ ተደረገ። ኢስራ ኮርቻው ላይ ወጣች፤ የእግሯ ጣት እንኳን መሬት አልነካም። አባባ እንድሪስ ዓይናቸው በደስታ እየፈካ «እንዴት ናት፣ ልጄ?» ሲሏት ሃምሳ ሰው ያያት ነበር። «ልክ ናት፣ አባባ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቃቸው በኩል ባለፈች ቁጥር ይጠይቋታል፤ እሷም ያንኑ ትመልሳለች።

* * *

አሰልጣኝ ኪዳኑ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሰዓቱን ይዞ እየጠበቃቸው ነበር። የኢስራን ጉልበት አየና ሰዓቱን ኪሱ ከተተው።

«ዛሬ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ውጪበት እስቲ።»

እሱ የኋላውን ጎማ በእግሮቹ መሐል ይዞላት ወጣች። ሁለት እጇን መሪው ላይ አሳረፈች።

«ክርንሽ ትንሽ መታጠፍ ነበረበት። ይኸው ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ወገብሽስ?»

«ያመኛል።»

«ጣቶችሽ?»

«አቀበቱ ላይ ይደነዝዛሉ።»

ኪዳኑ በረጅሙ ተነፈሰ። «ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አውርደነዋል። መሪውን የያዘውን ብረት በአጭር ቀይረናል። ከዚህ በላይ የሚቀነስ ነገር የለውም። ይሄ ብስክሌት ጥሩ ነው፤ ካንቺ አንድ ጭንቅላት ለሚበልጥ ሰው።»

«የእሑዱ ውድድር ግን…»

«እሑድ ከደሴ ተነሥታችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስድሳ ልጅ ነው የሚተራመሰው። ፍሬን የማይደርስላትን ልጅ ስም አስገብቼ አልፈርምም።»

ለዞኑ ቡድን የሚመረጡት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ የሚመረጡትም እሑድ ነው።

ኪዳኑ ከብስክሌቱ አወረዳት። ገበያው ጀርባ ወዳለው የወንድምአገኘሁ ብስክሌት መጠገኛ ወሰዳቸው። ወንድምአገኘሁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጥግ አንድ ሰማያዊ ብስክሌት ጎትቶ አወጣ። ቀለሙ ተላልጧል፣ ኮርቻው በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ማርሹም ከቀዩ ያንሳል።

«ይሄ?» አለች ኢስራ ሳታስበው።

«ውጪና ስደቢው» አለ ወንድምአገኘሁ።

ወጣች። ክርኗ በራሱ ታጠፈ። ጣቶቿን ዘርጋ ስታደርግ ፍሬኑ እዚያው ነበር፤ ሳትጠጋ፣ ሳትንሸራተት ጨበጠችው። ጋራዡን ዞራ መንገዱ ላይ ወጣችና ወደ አቀበቱ ጥቂት ሄዳ ተመለሰች። ወገቧ ዝም አለ። ስንት ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዛት የነበረ ወገብ ዝም ሲል ሊያስለቅሳት ደረሰ። ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም በራሷ ተናደደች። ቀዩን ትወደው ነበርና። የክፍሏ ልጆች ተራ ይዘው ፎቶ የተነሡት ከሱ ጋር ነው።

«ያንቺን የሚፈልግ አንድ ረጅም ልጅ አለ» አላት ወንድምአገኘሁ። «ከተስማማሽ እንለዋወጣለን። ግን ባለቤቶቹ ይወቁት። በኋላ ጣጣ አልፈልግም።»

ባለቤቶቹ። ሃምሳ ሰው።

* * *

ወደ ደሴ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ብስክሌቶቹ ጣራ ላይ ታስረው ሲንኳኩ፣ ሙና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«አታካብጂ፣ ቀላል ነው። የፊቱን ጎማ ቸርኬ በድንጋይ በይው። ከዛ መኪና ገጨኝ ትያቸዋለሽ። ጉልበትሽም ቆስሏል፣ ማስረጃ አለሽ! የተሰበረ ብስክሌት ብትለውጪ ማን ይቀየምሻል?»

«ውሸት ነዋ።»

«እና እስካሁን ስትይ የከረምሽው ምንድነው? ልክ ናት፣ ልክ ናት…»

ኢስራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነገሩ ያስፈራት ቀላል መሆኑ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ግቢው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ቀዩ ብስክሌት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አለች በልቧ፤ አንድ ጊዜ መትቼ እጨርሳለሁ። ድንጋዩን ከፍ እንዳደረገች የቤቱ በር ተከፈተና እናቷ ረሂማ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጣች። ኢስራ ድንጋዩን ቶሎ ከኋላዋ ደበቀችው።

«ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ ቅሬው ለውድድሩ ዱአ ሊያደርግልሽ ነው» አለች ረሂማ፣ ተንበርክካ ጎማውን እየጠረገች። «አቧራ ይዞ ሰው ፊት አይቀርብም። አባትሽ ቢኖር ይሄኔ…» አልጨረሰችውም። ጎማውን ትታ ፔዳሉን መጥረግ ጀመረች።

ኢስራ ድንጋዩን ቀስ ብላ አጥሩ ሥር መለሰችው። ያን ምሽት እራት አልበላ አላት።

* * *

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋች ሰኞ ገበያ ደረሰች። አባባ እንድሪስ ሱቃቸው ውስጥ ከሲንጀር ስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው ክር እየሰኩ ነበር።

«ማሻአላህ! ፈረሲቱን ይዛ መጣች!» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «እንዴት ናት?»

ልክ ናት የሚለው ቃል ከአፏ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«አባባ… ትበልጠኛለች።»

«ምን አልሽ?»

«ትልቅ ናት። ፍሬኗ አይደርስልኝም። ማክሰኞ መኪና ሥር ልገባ ነበር።»

አባባ እንድሪስ ክሩን አስቀመጡ። ተነሥተው ወደ ደጁ ወጡና ብስክሌቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ውጪ» አሏት። ወጣች። ዞሯት። ከአንገታቸው ሜትሩን አውርደው ከትከሻዋ እስከ መዳፏ ለኩ፤ ከመዳፏ እስከ ፍሬኑም ለኩ። ሁለተኛ ለኩ። ሜትሩን መልሰው አንገታቸው ላይ ጣሉት።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሳልለካ መቀስ አላነሣሁም» አሉ። «አንቺን ግን ሳልለካሽ ገዛሁ። ጨርቅ ቢሆን አጥፌ እሰፋልሽ ነበር። ብረት ምኑ ይታጠፋል!»

«ለኔ ብለው እኮ ነው፣ አባባ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? በየቀኑ ስጠይቅሽ?»

«ዱአ ተደርጎበታል። ያ ሁሉ ሰው አዋጥቶ… ውለታ ቢስ እንዳልባል ፈራሁ።»

«ዱአው ላንቺ ነው፤ ለብረቱ ማን ዱአ ያደርጋል?» አሉ፣ ቆጣ ብለው። ድምፃቸው ግን ወዲያው ወረደ። ስለ ሰማያዊው ብስክሌት ነገረቻቸው፤ አሮጌ መሆኑን አልደበቀችም። አሰልጣኙ ሳይፈርም እንደማትወዳደርም ነገረቻቸው። ሁሉን ሰምተው ነጩን ቆባቸውን አስተካከሉ።

«አብሽሪ። ለቅሬው እኔ እናገራለሁ። እኔ ሳልለካ ገዛሁ፣ እኔ አጠፋሁ እላለሁ። አንቺ ቃል አይውጣሽ፤ እናትሽ ጎን ቁጭ በይ።»

ኢስራ እጃቸውን ሳመች።

* * *

የቅሬው ሰው በአዳራሹ ደጅ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ቀዩ ብስክሌት መሐል ቆሟል፤ ኢስራ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። አባባ እንድሪስ ተነሡ።

«ጀመዓ፣ ዱአው ይቆየን። መጀመሪያ የማፍርበትን ልናገር። ይህችን ብስክሌት የገዛሁት ሳልለካ ነው። ለልጅቱ አትሆንም። በትንሽ፣ አሮጌም ብትሆን፣ ትለወጥ ዘንድ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። አፈኛው ጋሽ ሞላ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«እንዴት ነው ነገሩ፣ ዳኛ? አዲሱን ሰጥተን አሮጌ ልንቀበል? ልጅቱ ልክ ናት ስትል በጆሯችን አልሰማንም?»

«ሰምተናል» አለ ሌላው። «ያኔም ለግዢው ወጣት ይሂድ ብለን ነበር። እሳቸው ዕድሜም ተጫናቸው…»

«የቅሬ ገንዘብ እንዲህ ይሆናል?» አለች አንዲት ሴት ከጥግ።

አባባ እንድሪስ አልመለሱም። ሜትሩ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሁሉንም ይቀበላሉ። ኢስራ አንድ ጊዜ እንኳን ወደ እሷ ቢያዩ ብላ ጠበቀች። አላዩም። ቃላቸውን ጠብቀው፣ እንደ ጥፋተኛ ብቻቸውን ቆመው ነበር።

ዝም ብላ ብትቀመጥ ነገሩ ያልፋል። ጥቂት ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይፈቅዳሉ፤ እሑድ በሰማያዊው ትወዳደራለች። የሚጎድለው የአንድ ሽማግሌ ክብር ብቻ ነው።

ኢስራ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ረሂማ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት፤ እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችው። እግሮቿ ከሐረጎ አቀበት ይልቅ እዚህ ከበዷት። ብስክሌቱን አልፋ ሄዳ ከአባባ እንድሪስ ጎን ቆመች። ጋሽ ሞላ ከዘራቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ጉርምርምታው በረደ።

«ልክ ናት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደማትሆነኝ አውቅ ነበር። ሁሉንም ከዚያ ቀን ጀምሬ ልንገራችሁ።»